ካርቶኑ 100% ሪሳይክልድ፣ ሶፍቱስ?

ስለ ሶፍት ሪቪው እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ተናድጃለሁ።

ባለፈው ወር በኦንላይን ባለ 24 ጥቅል አዘዝኩ። ስሙን አልጠራም። አረንጓዴ ቅጠል አለው፣ ሦስቱ የሚዞሩ ቀስቶች አሉት፣ ከሥር ደግሞ በትልቁ «100% ሪሳይክልድ» ይላል። ከለመድኩት በ9 ዶላር ይበልጣል። ይሁን፣ ለዛፍ ነው ብዬ ከፈልኩ።

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚህ ሜሪላንድ እኔ ጋ ናት። ካርቶኑን ስከፍት ምንድነው አለችኝ። «ከተጣለ ወረቀት የተሠራ ሶፍት ነው» አልኳት። አንዱን ጥቅል አንስታ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችውና «ማን የጣለው?» አለች። ሳቅኩ። በኋላ ሳየው ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ኖሯል።

ወረቀት ሁለት ዓይነት «የተጣለ» አለው። እኔና እናንተ ተጠቅመንበት፣ ከቤትና ከቢሮ ተሰብስቦ የሚመለሰውን ፖስት ኮንሲውመር ይሉታል። ገዢ እጅ ሳይገባ፣ ለምሳሌ ፖስታ ሲቆረጥ የተረፈው ቁርጥራጭ ደግሞ ፕሪ ኮንሲውመር ነው። ሁለቱንም «ሪሳይክልድ» ብሎ መሸጥ ይቻላል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ንጹሑን ቁርጥራጭ ፋብሪካዎች ድሮም ይፈልጉታል፣ ቆሻሻ መጣያ የሚገባው የእኛው ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ ቆሎ የሚጠቀልልበት፣ የሆነ ልጅ በሒሳብ 3 ከ10 ያገኘበት የደብተር ገጽ ትዝ ይላችኋል? እሱ ነው እውነተኛው ፖስት ኮንሲውመር፣ ያውም ያለ ምንም ማስታወቂያ።

እና ፐርሰንቱን ፍለጋ ካርቶኑን ገለበጥኩት። ከታች፣ መነጽር በሚያስፈልገው ደቃቅ ፊደል፣ 100% ሪሳይክልድ የሆነው «ማሸጊያው» እንደሆነ ይናገራል። ካርቶኑ! ስለ ሶፍቱ አንድም ቃል የለም። አጠገቡ የኤፍኤስሲ (እንጨትና ወረቀት ከየት እንደመጣ የሚያረጋግጠው የደን ድርጅት) ምልክት አለ፣ እሱም «ሚክስ» የሚለው። የኤፍኤስሲ ምልክት «ሪሳይክልድ» ካለ ሙሉ በሙሉ ከተጣለ ወረቀት ነው ማለት ነው። «ሚክስ» ቅይጥ ነው፤ አዲስ የተቆረጠ ዛፍ ሊኖርበት ይችላል። ሕገወጥ ነገር የለውም፣ ምልክቱም አልዋሸም። የዋሸው የካርቶኑ ፊት ነው።

ብልሃቱም አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣውና በ2012 ባሻሻለው ግሪን ጋይድስ በሚባለው መመሪያ፣ ሻጩ የሚያወራው ስለ ዕቃው ይሁን ስለ ማሸጊያው በግልጽ ይናገር ይላል። «ኢኮ ፍሬንድሊ» ብሎ ብቻ መተውንም አይወድም። መመሪያ ነው እንጂ ራሱ ሕግ አይደለም፣ እና እንደምታዩት ሁሉም አያነበውም።

ሦስቱ ቀስቶችስ? እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ የካሊፎርኒያ ተማሪ ለውድድር የሠራቸው ናቸው፤ ዛሬ የፈለገ ሁሉ ያትማቸዋል። አንዳንዴ «ከተጣለ ነገር የተሠራ»፣ አንዳንዴ ደግሞ «ተመልሶ ሊሠራ የሚችል» ለማለት። ሶፍት ላይ ሁለተኛው ትርጉም ከሆነ እንግዲህ፣ ማን ሊሰበስበው ነው?

ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። ሶፍቱ ውስጥ ስንት ፐርሰንት ፖስት ኮንሲውመር አለ? ከሁለት ቀን በኋላ ለምድራችን ስለማሰቤ አመስግነው ስለሚተክሉት ችግኝ ረጅም ነገር ላኩልኝ። ደግሜ ጠየቅኩ። የ15 ፐርሰንት ቅናሽ ኮድ ላኩልኝ። ፐርሰንት ጠይቄ ፐርሰንት ሰጡኝ፣ ምን ልበል።

ለፍትሕ ያህል፣ ሶፍቱ መጥፎ አይደለም። ለስላሳ ነው፣ ቶሎ አይቀደድም። እንዲያውም ልስላሴው ነው መጀመሪያ ያጠራጠረኝ፤ ወረቀት እንደገና በተሠራ ቁጥር ቃጫው እያጠረ ስለሚሄድ ብዙውን ጊዜ ሻከር ይላል። ቀለሙ ደግሞ ወደ ገለባ ያደላል፣ ያየው ሁሉ «አሃ፣ ተፈጥሯዊ» እንዲል። ያ ግን አልነጣም ማለት ብቻ ነው። ከትኩስ ግንድ የተሠራ ወረቀትም ካልነጣ ቡናማ ነው። ጥቅሉም መሃሉ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ፣ ሁለቱም ለልስላሴው። አሁን ከሰፈር ሱቅ ሌላ ገዛሁ። ቅጠልም የለው ምንም የለው፣ «100% ሪሳይክልድ፣ ቢያንስ 80% ፖስት ኮንሲውመር» ብቻ ይላል። ሻካራ ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል። እማዬ አልወደደችውም።

የመጀመሪያውን ካርቶን ግን ወዳዋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመለስ ልትወስደው ጫማና ቫይታሚን ሞልታ በፕላስተር አሽጋዋለች፣ የአክስቴንም ስም «100%» የሚለው ላይ በማርከር ጽፋበታለች። ጠንካራ ነው ብላኛለች።