ፒሲኤል ወይስ ፒኤልጂኤ? ለስካፎልድ የሚሆን ፖሊመር ከማዘዛችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን አንዲት የማስተርስ ተማሪ «ጋሼ፣ በጀቴ አንድ ፖሊመር ብቻ ነው የሚገዛልኝ፣ የቱን ልዘዝ?» አለችኝ። እኔም መልሼ ጠየቅኳት። ፍሪዘራችሁ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይደርስለታል?

ለነገሩ አዲስ ለሆናችሁ፣ ፖሊመር ማለት እንደ ፕላስቲክ ያለ፣ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለት የተሠራ ነገር ነው። ከእሱ የምንሠራው ስካፎልድ ደግሞ ሕንፃ ሲሠራ ዙሪያውን እንደሚቆመው አጣና ነው። ሴሎች እሱን ይዘው ያድጋሉ። አጣናውን የሚያነሳ ሠራተኛ ግን የለም፣ ራሱ ቀስ እያለ ፈራርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ስትገዙ ዋናው ጥያቄ «መቼ ይጠፋል?» ነው።

ፒሲኤል (ፖሊካፕሮላክቶን) ታጋሽ ነው። ሰውነት ውስጥ ከ2 እስከ 3 ዓመት ገደማ ይቆያል። የሚቀልጠው በ60 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ነጫጭ ፍሬዎቹን ሙቅ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ብትጨምሯቸው ጥቂት ቆይተው ይጠራሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ስታወጧቸው እንደ ማስቲካ ይሳባሉ። ክሎሮፎርም ውስጥ ያለ ችግር ይሟሟል። ለኤሌክትሮስፒኒንግም (በከፍተኛ ቮልቴጅ ቀጫጭን ክር መፍተል) ለስሪዲ ፕሪንተርም ይመቻል፣ ዋጋውም ከፒኤልጂኤ ይሻላል። ችግሩ ውሃ አይወድም፣ ሴልም ቶሎ አይይዝለትም። ላዩን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማከም ወይም ጄላቲን መቀባት አለባችሁ።

ፒኤልጂኤ ጎበዝ ነው፣ ግን ቅብጥ። ጊዜውን እንደ ልብስ በልክ ታሰፉታላችሁ። የተሠራው ከላክቲክና ከግላይኮሊክ አሲድ ነው፤ የሁለቱ ምጣኔ 50 በ50 ከሆነ ከ1 እስከ 2 ወር፣ 75 በ25 ከሆነ ከ4 እስከ 5 ወር፣ 85 በ15 ከሆነ ከ5 እስከ 6 ወር ገደማ ይቆያል። ሲፈርስ አሲድ ይለቃል፤ ወፍራም አድርጋችሁ ከሠራችሁት አሲዱ መሃሉ ላይ ይታፈንና ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበላል። ደግሞ እርጥበት ጠላቱ ነው። ደረቅ ሆኖ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መቀመጥ ይፈልጋል። እኔ አንድ ክረምት ላይ ቸኩዬ ጥቅሉን ከፍሪዘር እንዳወጣሁ፣ ሳይሞቅ ከፈትኩት፣ ላቦት ያዘው፣ ያንኑ መልሼ ከተትኩት፣ ከዚያ መብራቱ ጠፍቶ አደረ። ከወራት በኋላ ሳሟሟው እንደ ማር መወፈር የነበረበት እንደ ብርዝ ቀጥኖ ቀረ። ያ ሁሉ ብር! ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ማንንም አልወቅስም።

ከላክቲክ አሲድ ብቻ የሚሠራው ፒኤልኤ ደረቅ ያለ፣ ጠንካራ ነው፣ ፒኤልኤልኤ የሚባለው ዓይነት ዓመታት ይፈጅበታል። እባካችሁ ከፕሪንተር ሱቅ የፒኤልኤ ክር ጥቅል ገዝታችሁ ሴል አታብቅሉበት፤ ቀለሙና ጭማሪው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ከግላይኮሊክ አሲድ ብቻ የሚሠራውን ፒጂኤን ደግሞ የቀዶ ሕክምና ክር ሆኖ ታውቁታላችሁ። ተራ ማሟሟቻ አይፈታውም፣ ለትንሽ ላብ እለፉት።

ተፈጥሯዊዎቹን ሴሎች ይወዷቸዋል። ጄላቲን ግን እንዳለ ካስገባችሁት በ37 ዲግሪ ይሟሟል፣ በኬሚካል ማያያዝ ግድ ነው። ስታዝዙ ከከብት ነው ከአሳማ ብላችሁ ጠይቁ፤ እኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ይጠይቃችኋል። ካይቶሳን (ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት የሚወጣው) በቀጭን አሴቲክ አሲድ ስለሚሟሟ የክሎሮፎርም ጭስ የሚስብ ሁድ ለሌለው ቤተ ሙከራ ግልግል ነው፣ ጥንካሬ ግን አትጠብቁበት።

ማምከኛውንም አስቡበት። አንድ ልጅ ሁለት ሳምንት የለፋበትን የፒሲኤል ስካፎልድ በ121 ዲግሪ እንፋሎት በሚያመክነው ኦቶክሌቭ ውስጥ ከትቶት የቀለጠ ጧፍ ሆኖ ወጣ። ለላብ ሙከራ 70 ፐርሰንት አልኮልና ዩቪ ብርሃን ያገለግላል፤ ሰውነት ውስጥ ለሚገባ ግን ኤትሊን ኦክሳይድ ጋዝ ወይም ጋማ ጨረር ነው።

አስመጪውን ሞለኪውላዊ ክብደቱንና የተመረተበትን ቀን ሳትጠይቁ ብር አትላኩ። ፒኤልጂኤ ከሆነ የሰንሰለቱ ጫፍ አሲድ ነው ወይስ ኤስተር የሚለውንም ጨምሩ፣ ጫፉ አሲድ የሆነው ቶሎ ይፈርሳል። ለትምህርት ሪሰርች ግሬድ (ለምርምር የሚሸጠው) ይበቃል፣ ሜዲካል ግሬድ (ለሕክምና የሚሸጠው) ኪስ ያራቁታል።

ልጅቷ ሥራዋ አጥንት ላይ ስለሆነ ታጋሽ ስካፎልድ ያስፈልጋታል፣ ፍሪዘራቸውም ጄኔሬተር የለውም። ፒሲኤል አዘዘች፣ ለመቀቢያ የከብት ጄላቲን ከሌላ ላብ ትለምናለች። ማኪያቶውን እኔ ልክፈል ብላ ታገለችኝ፣ አላሸነፈችም።