የድሬዳዋ ዛፍና በስህተት የገዛሁት ሳር

ግቢዬ 250 ካሬ ነው። ቤቱ፣ ማድ ቤቱ፣ ሮቶውና የመኪናው ቦታ ሲቀነስ ለአትክልት የተረፈችኝ ከበሩ ወደ በረንዳው የምትወርድ አንዲት ተዳፋት ናት። ያለሁት አዳማ፣ ኮረብታ ሥር ነው። ተዳፋቷ ላይ በ2006 ዓ.ም. ዛፍ ተከልኩ። በ2010 ደግሞ ሳር ጨመርኩበት። ግቢውን ለማሳመር ያሰበ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ "ለእኔ የትኛው ይሻለኛል?" እያለ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው።

ዛፉ የድሬዳዋ ዛፍ ነው። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ያደግሁት ከዚራ ሰፈር፣ ጥላ ለጥላ እየሄድኩ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ነው። ዛፉ ግን በስሙ ቢጠራባትም የድሬ ተወላጅ አይደለም፤ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ይሁን፣ ከእኛ ጋር ብዙ ስለኖረ የእኛ ብለነዋል። አንዷን አበባ ቀርባችሁ ብታዩ አምስት ቅጠል አላት። አራቱ ቀይ፣ አምስተኛዋ ነጭና ቢጫ የነካካት። ልጆች ሆነን ቀዩን እየነቀልን ጥፍራችን ላይ እንለጥፍ ነበር። የጥፍር ቀለም ለማን ይገዛል!

እናቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ዘሩን በመሐረብ ቋጥሬ አመጣሁ። ዘሩ ድንጋይ ነው። ዝም ብሎ አፈር ውስጥ ቢጣል ሳይበቅል ወራት ሊተኛ ይችላል። እናቴ "የፈላ ውኃ ድፊበትና እዚያው ውስጥ ይደር" አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ፤ ከአምስቱ ሦስቱ በቀሉ። ሁለቱን ሰጥቼ አንዱን ከበረንዳው አራት ሜትር ርቄ ተከልኩት። አራት ሜትር! ዛሬ ቢሆን ከአሥር ሜትር በታች ወደ ቤት አላስጠጋውም። አሥር ሜትር ደግሞ ግቢዬ ውስጥ የለም።

አበባ ለማየት ስምንት ዓመት ጠበቅሁ። በ2014 ግንቦት ላይ አናቱ ሲቀላ፣ አልዋሽም፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ፎቶ አንሥቶ ድሬ ላለ ዘመድ ሁሉ ላከ። ለውበቱ ከአሥር አሥር እሰጠዋለሁ፤ በዚህ አልደራደርም።

አሁን ወደ ችግሩ። ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ መጥረጊያ አይዘውም። አሸንዳ ይደፍናል። በሮቶው ክዳን ሾልኮ ይገባል። የሻወሯን ወንፊት በየሳምንቱ እየፈታሁ አጸዳለሁ። ለጥላ ብላችሁ የምትተክሉት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። አዳማን የሚያውቅ መጋቢት ምን እንደሆነ ያውቃል። ፀሐይዋ አናት ስትበሳ የእኔ ዛፍ ራቁቱን ይቆማል፣ ረጃጅም ጥቁር ፍሬውን እንደ ሰይፍ አፎት አንጠልጥሎ። አንዳንዱ ግማሽ ሜትር ይሞላል። ሲደርቅ ውስጡ ስለሚንሿሿ የሰፈር ልጆች ጽናጽል አድርገውታል፤ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የለም።

ነፋሱም አለ። በእኛ አካባቢ ኮረብታ ላይ የነፋስ ማመንጫ የተደረደረው በከንቱ አይደለም። የዚህ ዛፍ እንጨት ደግሞ ተሰባሪ ነው። አምና አንድ ሌሊት ወፍራም ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ወደቀ። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ "አይዞሽ ልጄ፣ ሰው ላይ አልወደቀም" ነው ያሉኝ። ሁለት ቆርቆሮ ገዝቼ አስመታሁ።

ዋናው ጣጣ ግን ከመሬት በታች ነው። ስሩ ወደ ውስጥ ከመጥለቅ ይልቅ ከላይ ከላይ በጎን ይሄዳል። መጀመሪያ አንዲት የበረንዳ ሴራሚክ ብድግ አለች። "ሲሚንቶ ሰርቆኝ ነው" ብዬ ግንበኛውን አማሁት። ሁለተኛዋ ተነሣች፣ ሦስተኛዋም። አስነሥተን ስናይ የክንዴን ያህል ስር ከሥራቸው ተጋድሟል። ግንበኛውን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱማ ያማሁት መሆኑንም አያውቅም ነበር።

ሳሩን የገዛሁት መንገድ ዳር ካለ ችግኝ መሸጫ ነው። የፈለግሁት ጠጅ ሳር ነበር። ለግቢውም ያምራል፣ ለሻይም ይሆናል ብዬ። ሻጩ ልጅ "ማዘር፣ አሪፍ ጠጅ ሳር አለ" ብሎ አርባ ግንጣይ በ200 ብር ቆጠረልኝ። ተዳፋቷ ላይ አግድም፣ ጠጋ ጠጋ አድርጌ በአንድ ረድፍ ተከልኩት። አግድም ማድረጌ ዕውቀት አይደለም፤ መስመሩ ከበረንዳ ሲታይ እንዲያምር ነው። ወራት ቆይቶ እንግዳ መጣችብኝና ቆርጬ ሻይ ውስጥ ከተትኩት። ሻዩ የገለባ ውኃ ሆነ። እንግዳዬ ጨዋ ናት፤ ጠጣችው።

ግብርና የተማረ የወንድሜ ልጅ መጥቶ ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ አሸተተና ሳቀ። "አክስቴ፣ ይሄ እኮ ቬቲቨር ነው!" መለያው ቀላል ነው። የጠጅ ሳር ቅጠል ሲታሽ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። የቬቲቨር ቅጠል ምንም አይሸትም፤ ሽታው ያለው ስሩ ላይ ነው። ከስሩ ዘይት ወጥቶ ሽቶ ይሠራበታል። በህንድ ስሩን እንደ ሰሌን ሠርተው መስኮት ላይ ይሰቅሉትና ውኃ እየረጩ ቤት ያቀዘቅዙበታል። ወደ እኛም አገር ከዚያው ከህንድ በ1960ዎቹ በጅማው የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል እንደገባ ነገረኝ። እኔ ለሻይ የገዛሁትን ኢሉባቦር ገበሬው አፈር ያስይዝበታል።

ለሻጩ ልመልስለት ተነሥቼ ነበር። ክረምቱ ገባና ተውኩት። ከዚያ በፊት ሐምሌ በመጣ ቁጥር የኮረብታው ጎርፍ በበሩ ሥር ሾልኮ አፈሬን በረንዳ ላይ ይደፋው ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ አፈር በጋሪ አስመጣ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ውኃው ሳሩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ በረደ፤ ጭቃውን ከላይ እየጣለ ጠርቶ አለፈ። ዛሬ ከረድፉ በላይ ያለው አፈር ሞልቶ እንደ እርከን ሆኗል፣ ጎመን ዘርቼበታለሁ። ስሩ ቀጥ ብሎ እስከ ሦስት ሜትር ወደ ታች ይወርዳል ይባላል። ቆፍሬ አላየሁም፤ ግን አንድም ሴራሚክ አላነሣብኝም። አይንሰራፋም። ዘሩም አይበቅልም፤ የሚራባው ተገንጥሎ ሲተከል ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አላጠጣሁትም።

እንከን የለውም አልልም። በዓመት ሁለት ሦስቴ ካልተከረከመ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ በበጋ ሲደርቅ የተተወ ጎጆ ክዳን ይመስላል። የቅጠሉ ጠርዝ እጅ ይቧጭራል፤ ያለ ጓንት አትንኩት። ለዓመት በዓል ጎዝጉዤው ነበር፣ አማቴ ግን "ሽታ የሌለው ጉዝጓዝ ምኑ ጉዝጓዝ ነው" ብለው ቄጤማ አስገዙ። እውነታቸውን ነው። ጥላም ይጠላል፤ የድሬዳዋው ዛፍ ሥር የገቡት ሰባት ስምንት ግንጣዮች እየከሱ ከሰሙ። ሁለቱን ላጣምር የምትሉ ይህቺን ያዙልኝ፤ አይስማሙም።

እንግዲህ የእኔን ያህል ግቢ ያለው ሰው ሳሩን ይግዛ። ዛፉን የሚወድ ሰፊ ቦታ ይፈልግለት፣ ከግድግዳም ከመብራት ሽቦም የራቀ። አዲስ አበባ ላላችሁ እንኳን አልመክርም፤ ብርዱን አይችለውም። ባለቤቴ እንቁረጠው ይላል። እኔ "ግንቦት ይለፍ" እላለሁ። ግንቦት ሲያልፍ ደግሞ ጥላው ይመጣል። ለጊዜው ወደ ቤት የመጣውን ስር ብቻ አስቆርጠን፣ ሴራሚኩን አስለብጠናል።

ጠጅ ሳሩንም በመጨረሻ አገኘሁት። ማድ ቤቱ በር ላይ፣ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ነው። የሸጠልኝ ያው የድሮው ልጅ ነው። ቅጠሉን ቆርጬ ሳሸውና ሳሸተው አይቶ "ማዘር፣ አታምኚኝም እንዴ?" አለኝ።