ማርትሬዛዬ የመሰከረችባት ሚዛን

ደሴ ፒያሳ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው የገዛኋት። መዳፍ የምታክል፣ እስከ 50 ግራም የምትመዝን፣ 0.001 ግራም ድረስ የምታነብ ዲጂታል ሚዛን። ሦስት ሺህ ከምናምን ብር። የ50 ግራም መፈተኛ ብረትና ጣት ላይ የምትቆም ትንሽዬ ሳህን አብሯት አለ።

እኔ ብር ሠሪ ነኝ። ለቀለበትና ለጉትቻ 0.01 ግራም የሚያነበው አሮጌው ሚዛኔ ይበቃኝ ነበር። ይችን ያስገዛኝ ኮሎራዶ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ልጁ የኢላማ ተኩስ ሱሰኛ ሆኗል፤ ጥይቱን ራሱ ነው ቤቱ የሚሞላው፣ እዛ የተፈቀደ ነው። (እዚህ እንዳታስቡት። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177፣ እንኳን ጥይት መሥራትን ያለ ፈቃድ መያዝንም አይምርም።) ለእረፍት መጥቶ ሱቄ ቡና እየጠጣን አሮጌውን ሚዛን ገልበጥ አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ይሄማ እኔ ጋ ቢመጣ ዕውር ነው» አለኝ።

ስሌቱን ሲነግረኝ ገባኝ። ባሩድ የሚመዝኑት በግሬን ነው፣ አንድ ግሬን ደግሞ 0.0648 ግራም ብቻ ናት። አሮጌው ሚዛኔ ከ0.15 ግሬን በታች ያለውን ልዩነት ጭራሽ አያየውም። እሱ ግን አንዱ ጥይት ከሌላው በ0.1 ግሬን እንኳ እንዲበልጥበት አይፈልግም። ባሩዱ ሲበላለጥ የአረሩ ፍጥነት ይበላለጣል፤ 100 ሜትር ላይ ላያስታውቅ ይችላል፣ 600 ሜትር ላይ ግን አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ ያርፋል። ቀልሃው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ አረሩ ቀልሃው ውስጥ የሚገባበት ጥልቀትም እንደዚያው፣ ብቻ ብዙ ጣጣ አለው። እኔን የሚመለከተኝ ሚዛኑ ነው።

አዲሷን እንደከፈትናት መፈተኛዋን ብረት ጫንን። 49.92 አለች! ሱቁ ድረስ ሄጄ ልጣላ ነበር፣ ልጁ ሳቀብኝ። እንዲህ ያለ ሚዛን የሚለካው የመሬትን ስበት ነው። ደሴ ደግሞ ወደ ምድር ወገብ የቀረበች፣ ከፍታዋም ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ስበቱ ሚዛኗ ከተስተካከለችበት ፋብሪካ ይልቅ እዚህ ትንሽ ይላላል። የማስተካከያውን ቁልፍ ተጭነን ብረቱን ስናስቀምጥ 50.000 ላይ ቁጭ አለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስወስዳት ደግሞ ጥቂት ሚሊግራም ጨመረች። የአባቴ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ይሄ ሁሉ አያስጨንቀውም፤ ብረትን ከብር ጋር ነው የሚያስተያየው፣ ስበቱ ሁለቱንም እኩል ይጎትታል።

ከዚያ የአባቴን ማርትሬዛ አወጣሁ። ከማተሚያው ሲወጣ 28.0668 ግራም የነበረ ብር ነው፣ የኔዋ በእጅ ብዛት አልቃለች። ልጁ «ማለቋ ምንም አይደል፣ አሥር ጊዜ አንሥተህ አሥር ጊዜ አስቀምጣት» አለኝ። ለምን አሥር? ሦስት ጥይት ተኩሶ ሦስቱም አንድ ቦታ ቢያርፉለት ለማንም አያወራም፣ ዕድል ሊሆን ይችላላ። አሥር ሲሆን ነው የሚያምነው።

ጠዋት በብርድ፣ ገና እንዳበራኋት፣ 27.914፣ 27.921፣ 27.909 እያለች ትዋዥቅ ነበር። ግማሽ ሰዓት በርታ ከቆየች በኋላ ግን አሥሩም በ2 ሚሊግራም ውስጥ ገቡ። ይሄ ወደ 0.03 ግሬን መሆኑ ነው። በዚህ ዋጋ ወላሂ አልጠበቅኩም።

አሁን ወደ ጉዷ ልምጣ። ልጁ ባሩድ ሲሞላ መጨረሻ ላይ ፍሬ በፍሬ ነው የሚያንጠባጥበው። በባሩድ ፋንታ የብር ፍቅፋቂ በወረንጦ አንድ በአንድ ጣልኩባት። አንድ። ሁለት። አምስት። ቁጥሩ ንቅንቅ የለም! ሳህኑን አንሥቼ መልሼ ሳስቀምጠው ግን በአንዴ 0.006 ዘለለች። ጥቃቅኑን ለውጥ እንደ መዋዠቅ እየቆጠረች ራሷ ታጠፋዋለች፣ ብዙ ርካሽ ሚዛኖች ላይ ያለ ባሕርይ ነው። እኔ ብዙ አልከስርበትም፤ ባሩድ የሚመዝን ሰው ግን ገና አልሞላም እያለ ሲጨምር ከልኩ ሊያልፍ ይችላል፣ ያለፈ ባሩድ ደግሞ ጠመንጃውን ፊቱ ላይ ሊያፈነዳበት ይችላል። ስለዚህ እያነሡ መልሶ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ስልክም አጠገቧ አታስቀምጡ፣ ጥሪ ሲገባ ቁጥሩ ያብዳል። በር ከተከፈተ ደግሞ የጦሳ ተራራ ንፋስ ይጫወትባታል።

ለብርና ለወርቅ ሥራ ግዟት፣ እኔ ረክቻለሁ። ልጁ ግን ለራሱ አልገዛትም፣ «ለመፈተሻ ትሆነኛለች እንጂ ለመሙያ አላምናትም» ብሎ ሄደ። የንፋስ መከላከያ ክዳኗ በሳምንቱ ተሰነጠቀ። ሻጩ «እሱ ዋስትና የለውም» አለኝ። አሁን ወገቡ ላይ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው የምደፋባት፣ ከራሷ ክዳን ይሻላል።