ከደሴ አዲስ አበባ፦ በአውሮፕላን ወይስ በአውቶቡስ?

በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ከኮምቦልቻ በአየር ግን 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ።

አውሮፕላን፦ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ አለ፤ ቀድሞ መድረስና ፍተሻም አለ። ከቤት እስከ ቤት አራት አምስት ሰዓት ያዙለት። ዋጋውም ከአውቶቡስ በብዙ ይበልጣል።

አውቶቡስ፦ ርካሽ ነው። ንጋት ላይ ተነስቶ ቀኑን መንገድ ላይ መዋል ነው። ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ በላብ ያጠምቃል። ጣርማ በር ዋሻ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ጭጋጉ መስኮቱን ይሸፍነዋል፣ ጋቢ ያስፈልጋል። እኔ ይህን መንገድ እወደዋለሁ። ከመነሳት በፊት ግን የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ግድ ነው።

ታማሚ ይዞ ለሚሄድ ወይም ቀጠሮ ላለበት አውሮፕላኑ ይሻላል። ቤተሰብና ዕቃ ለሚበዛበት አውቶቡሱ።