መድኃኒት አይጾምም፦ የፉድ ኤንድ ፍሬንድስ የምግብ አገልግሎት በአንድ የአበሻ ቤት

እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት መመላለስ ከጀመረች ወዲህ ቤታችንን ያስጨነቀው ከሕክምናው ይልቅ ምሳው ነው። ስኳር ስላለባት ጣፋጭ ከቀረ ቆይቷል፤ በእሱ ላይ ጨውና ፈሳሽ ይቀነስ፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስም በልክ ይሁን ተባለ፤ እጥበቱ ፕሮቲንም ይዞ ስለሚወጣ ደግሞ ፕሮቲን ይጨመር ተባለ። ይህን ሁሉ በአንድ የአበሻ ድስት ውስጥ ማስታረቅ አይቻልም ባልልም እጅግ ከባድ ነው። ምስርና ሽሮ ፕሮቲን የሚሰጡት ፖታሲየምና ፎስፈረስን አስከትለው ነው፤ ጎመን፣ ድንችና ቲማቲም ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ ሚጥሚጣው ከነጨው ይፈጫል። እኛ ልጆቿ ተራ ገብተን ለማብሰል ሞክረናል፤ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ወይ እሷ የማትበላው ወይ ሐኪሟ የማይፈቅደው ነበር። ወደ ፉድ ኤንድ ፍሬንድስ የሄድነው ከዚህ በኋላ ነው።

ድርጅቱ በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከፎርት ቶተን የሜትሮ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ በሪግስ ጎዳና ላይ ወጥ ቤቱን ያደረገ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ተቋም ሲሆን አጎራባች የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አካባቢዎችንም ያገለግላል። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988፣ ለኤድስ ፍቱን መድኃኒት ባልተገኘበት ዘመን፣ መውጣትም ማብሰልም ላቃታቸው ሕሙማን ምግብ በማድረስ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1985፣ በኒው ዮርክ ጋድስ ላቭ ዊ ዴሊቨር፣ በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ፕሮጀክት ኦፕን ሃንድ በዚሁ ምክንያት ተቋቁመው ነበር። በእኛም አገር ለታመመው ሳህንና ብርጭቆ ይለይ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ አንባቢ፣ በዚያ ወቅት ምግብ ይዞ የሕመምተኛን በር ማንኳኳት ምን ያህል ነገር እንደነበር አያጣውም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጥምር መድኃኒቶች መጥተው የኤድስ ሕሙማን ዕድሜ ሲረዝም፣ እንዲህ ያሉት ድርጅቶች ለካንሰር፣ ለልብና ለኩላሊት ሕሙማንም በራቸውን ከፈቱ፤ እናቴም የገባችው በዚሁ በር ነው።

አገልግሎቱን ለማግኘት ዕድሜ ወይም ድህነት ብቻውን አይበቃም፤ ከባድ ሕመም መኖሩን የጤና ባለሙያ ማረጋገጥ አለበት። በእኛ በኩል የተጓተተው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ክሊኒክ ቅጹን ሦስት ሳምንት ያህል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ለሌላው የምመክረው ቅጹን በቀጥታ ወደ እጥበት ማዕከሉ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ) እንዲወስደው ነው፤ የፌዴራል ደንብ ማንኛውም የእጥበት ማዕከል ሶሻል ወርከርና የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲኖረው ስለሚያስገድድ፣ ሁለቱም እዚያው አጠገባችሁ ናቸው።

ወደ ምግቡ ስመጣ፣ ጣዕሙን ከወጥ ጋር የሚያወዳድር ሰው ማዘኑ አይቀርም። ዶሮ ወይም ዓሣ፣ ሩዝ፣ አትክልትና ሾርባ ነው፤ ጨዉ ደግሞ የታሰበበትና የተቆጠረ ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ጉርሻ ያህል ቀምሳ፣ «የሆስፒታል ነው፤ ግን የሰው እጅ አለበት» አለች፤ ከዚህ የተሻለ ፍርድ እኔም የለኝም። በወጥ ቤቱ አትክልት የሚከትፉትም ሆነ በየቤቱ የሚያደርሱት ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች መሆናቸውን የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ ትንሽ ኮረሪማም ትነሰንስበታለች፤ ሁለቱም ከሥነ ምግብ ባለሙያዋ ተጠይቀው የተፈቀዱ ናቸው። ያልተፈቀደው አንድ ደግ ዘመዳችን ከሱፐርማርኬት ያመጣላት የጨው ምትክ ነው። አብዛኛው የጨው ምትክ ፖታሲየም ክሎራይድ ስለሆነ ኩላሊቱ ለማይሠራ ሰው ከጨውም የባሰ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል የሰማነው ያን ጊዜ ነው። (ጠያቂዎች በፍቅር የሚያመጡልን የብርቱካን ጭማቂና ሙዝም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ለኩላሊት ሕመምተኛ ባዶ እጃችሁን ብትመጡ አንቀየምም።)

በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ምግብ ማድረስ ብዙዎች ይሠሩታል፤ ይህ ግን ሕመምን ያገናዘበ ምግብን ከሥነ ምግብ ባለሙያ ምክር ጋር አያይዞ ስለሚሰጥ፣ ስሌቱን ከቤተሰቡ ትከሻ ላይ ያወርዳል። ስሌቱ የማይደርስበት ነገር ቢኖር ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እናቴ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን እንኳ ለመሻር የማትደፍር ሴት ናት። የሥጋና የወተት ተዋጽኦ የሌለበት ምግብ ይምጣልኝ ብትል፣ ፕሮቲኑን የሚተኩት ጥራጥሬዎች መልሰው ያንኑ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ያመጡባታል፤ ይህ የየትኛውም ወጥ ቤት ጥፋት ሳይሆን የሕመሙ ጠባይ ነው። እኔና ሐኪሟ ለወራት ስንለምናት ያልሰማችውን የነፍስ አባቷ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሱት። እሽጉን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ወለተ ማርያም፣ ይኼ ከኪኒኑ ጋር የታዘዘልሽ ነው፤ መድኃኒት አይጾምም» አሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ በጾምም ትበላለች፤ ዶሮ የመጣ ቀን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው።

ለምግቡ ከሕመምተኛው ክፍያ አይጠየቅም፤ ይህ ደግሞ በእኛ ዘንድ ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው። «የማን ምጽዋት ነው የምበላው?» የሚለው የእናቴ ጥያቄ የብዙ እናቶች ጥያቄ እንደሚሆን እገምታለሁ። ድርጅቱ ለታንክስጊቪንግ (ለአሜሪካውያን የምስጋና ቀን) በዓል ፓይ የሚባለውን ጣፋጭ ጋገራ እየሸጠ ጭምር ገንዘብ እንደሚያሰባስብ ስትሰማ አንድ እንድንገዛ አዘዘችን፤ ገዛን፣ እሷ ባትቀምሰውም ሒሳቡን የዘጋች መሰላት።

ነገሩ ከደግነት ያለፈ ጥቅም አለው ወይ ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የማሳቹሴትስ ጥናት እንዲህ ያለ ምግብ የደረሳቸው ሕሙማን ሆስፒታል የመተኛታቸው መጠን ካልደረሳቸው አቻዎቻቸው በ49 በመቶ ገደማ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። ሰዎቹ በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ ልዩነቱን ሁሉ ምግቡ አመጣው ማለት አይቻልም። በቤታችን ያየሁት ከዚህ ያነሰ ነው፦ የወሩ የደም ምርመራ ውጤት ሲመጣ ወረቀቱን በፍርሃት መግለጥ ትተናል።

እንጀራን በቀን ሦስት ጊዜ ካልበላሁ ለሚል ሕመምተኛ ይህ አገልግሎት ብቻውን አይሆነውም። እኛም እሑድን ለእንጀራ ትተናል፤ ድንቹ ተቆራርጦ አንዴ ከተቀቀለና ውሃው ከተደፋ በኋላ በአዲስ ውሃ ይበስላል፣ አልጫው ያለ ጨው ይሠራል፣ እንጀራው አንድ ብቻ ነው። የሳህኗን ልክ የነገረችን የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ናት።