የወንድሜን የቁስለኛ ሜዳልያ ፋይል ላስተካከለችልን እህት ምስጋና

ሰላም የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ሰዎች። ዛሬ የምጽፈው ለምስጋና ነው። መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ስላላት አንዲት እህት ነው። ስሜን እንዳትጠሪ ብላ አጥብቃ ለምናኛለች፣ ቃሌን አከብራለሁ። ዝም ብዬ ባልፍ ግን ግፍ ይሆንብኛል።

ታላቅ ወንድሜ፣ እኛ ጋሼ ነው የምንለው፣ በዲቪ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ወታደር ሆነ። እንደ ፈረንጆቹ 2007 ኢራቅ ነበር። ያ ዓመት በዚያ ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች ከሁሉም የከፋው ነበር። የተሳፈረበት መኪና መንገድ ዳር በተጠመደ ቦምብ ተመታ። ጋሼ ግራ እጁና ትከሻው ላይ ቆሰለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ሁለት ጣቶቹ ግን ሲበርድ አይታጠፉለትም፤ የእኛን አገር ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አሜሪካኖች በጠላት እጅ ለቆሰለ ወታደር ፐርፕል ሃርት የሚባል ሜዳልያ ይሰጣሉ። መነሻው ጆርጅ ዋሽንግተን በ1782 ያቋቋመው የክብር ምልክት ነው። በ1932፣ ዋሽንግተን የተወለደበት 200ኛ ዓመት ሲከበር፣ እንደገና መሰጠት ጀመረ። ሁሉም በእነሱ አቆጣጠር ነው። ለጋሼ ይሄ ሜዳልያ ይገባው ነበር፣ አልተሰጠውም። ከሠራዊቱ ሲሰናበት የተሰጠው ዲዲ 214 የሚባል ወረቀት ላይ የሜዳልያዎች ዝርዝር አለ፤ እዚያ ውስጥ የለም። ወረቀቱን ያየ ሰው ጋሼ ጭረት ሳይነካው የተመለሰ ይመስለዋል።

ሜዳልያው ለሕክምናም ለትምህርትም የሚያስገኘው ጥቅም አለ፣ አልዋሽም። እሱን ያንገበገበው ግን ሌላ ነው። «አብረውኝ ለቆሰሉት ሲጻፍ ለእኔ ለምን ይቀራል?» ይል ነበር።

እማዬን ለማስታመም ተመልሶ እኛ ጋ መኖር ከጀመረ በኋላ ጉዳዩን እንደ አዲስ አነሳው። ያኔ ያየነውን አሳር እንዲህ በቀላሉ ተርኬ አልጨርሰውም። አዲስ አበባ ውስጥ የመስታወት በር ያለው ቢሮ ሄድን። አማካሪ ነኝ የሚል ሰው ተቀበለን። ክፍያው በዶላር፣ ያውም በቅድሚያ። ዋናዎቹን ወረቀቶች ሰበሰበና አስቀረ። ከዚያ ወዲያ ስንደውል «ፕሮሰስ ላይ ነው» ብቻ ሆነ። በሌሊት ተነስተን፣ 130 ኪሎ ሜትር ሄደን በሩ ላይ ስንቆም «ስብሰባ ላይ ናቸው» እንባላለን። ላክሁት ያለው ማመልከቻ አንድ ገጽ ብቻ እንደነበር ያወቅነው መልሱ ሲመጣ ነው። ማስረጃ የለውም ተብሎ ተመለሰ። ሰውዬው የሕክምና ወረቀቶቹን አያይዞ እንኳ አልላከም! የገዛ ወረቀታችንን ለማስመለስ ሽማግሌ ልከናል።

ሌላው ደግሞ ፋይሉን ሳይገልጥ «ሦስት ዓመት አልፎታል፣ አበቃ» ብሎ አሰናበተን። ከሁሉም የባሰው በሰው በሰው ያገኘነው ልጅ ነው። «ደብዳቤውን እዚሁ እንሥራው፣ ማን ያጣራል?» አለ። ጋሼ እንደዚያ ቀን ተናዶ አይቼው አላውቅም። «በሞቱት ልጆች ላይ ፎርጅድ አልሠራም» ብሎት ወጣ። ፋይሉን በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወረወረው። በቃ፣ ተስፋ ቆረጠ።

እኔ እህታችንን ያገኘኋት ለሌላ ጉዳይ ነው፣ የእማዬን መታወቂያ ኮፒ ላስደርግ ገብቼ። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ማመልከቻ እያስጻፉ ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን «ቶሎ በሉ አባት፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ይባላሉ። እሷ ወንበር አቀረበችላቸው። ጽፋ ስትጨርስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። ከዚያ «ያሉት እንዲህ ነው አባቴ? የቀረ ነገር አለ?» አለቻቸው። ልቤ እዚያው አረፈ። በማግስቱ ጋሼን ለምኜ፣ ፌስታሉን አሸክሜ ወሰድኩት።

በፊት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርታለች። ስለ አሜሪካ ጦር ምንም አታውቅም፣ ይህንንም አልደበቀችም። «የማላውቀው ነገር ነው፤ ግን እናንብበው» አለች። ይቺ ቃል ናት ከዚያ ሁሉ አማካሪ ያጣናት። ተቀምጣ አነበበችው። በሁለተኛው ቀን የሚጠየቀውን በአማርኛ ጽፋ ጠበቀችን፦ ቁስሉ ከጠላት የመጣ መሆኑ፣ በሐኪም መታከም ያስፈለገው መሆኑ፣ ሕክምናው በመዝገብ የተጻፈ መሆኑ። ያ ሁሉ ዶላር የተከፈለበት ነገር እሷ እጅ ላይ ሦስት መስመር ሆነ።

ከዚያ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አንድ በአንድ አየችው። መሀል ላይ የተጣጠፈች ወረቀት አወጣች፤ በቆሰለበት ቀን መጀመሪያ ያከሙት ሰዎች የጻፏት ናት። ቀኑ አለ፣ በምን እንደቆሰለ አለ። ዓመታት ሙሉ እኛው ጋ ነበረች! ደግሞ አየች አየችና «የአባታችሁ ስም እዚህ ላይ በአንድ ፊደል ይለያል» አለች። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው እንደሚለያይ የታወቀ ነው። ይሄን ግን ካርድ ክፍል የሠራ ሰው ካልሆነ ማን ያየዋል? ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ማብራሪያ ጽፋ ከነማስረጃው አያያዘችው።

ያ «ሦስት ዓመት አልፎታል» የተባልነውንም አገኘችው። እውነት ነው፣ ስህተቱ በታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት ይገባል። ነገር ግን የሠራዊቱን መዝገብ የሚያርመው ቦርድ ለፍትሕ ሲባል ጊዜውን ሊያልፈው እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ሰውዬው እስከዚያ ድረስ ማንበብ ሰልችቶታል። የቀድሞ ወታደር የራሱን የአገልግሎት መዝገብ ሲጠይቅ እንደማይከፍልም የሰማነው ከእሷ ነው። ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የፎርሙን ነገር አልተነትንላችሁም፣ እኔም አልገባኝ። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም።

መጀመሪያ የሄድን ቀን አንድ ጥራዝ ወረቀት በትልቁ ስቴፕለር ጓ! አድርጋ መታችው። ጋሼ ከወንበሩ ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ተመልሶ ተቀመጠ፣ አቀረቀረ። እሷ ቀና ብላ አየችው። ምንም አላለችም። ምን ሆኑ አላለች፣ አይዞህ አላለች። ስቴፕለሩን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ በሄድን ቁጥር ወረቀቱ ሁሉ በክሊፕ ነው የሚያያዘው። ኮፒ የሚያስደርግ ሰው ሲገባም ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት «ጋሼ፣ አሁን ትንሽ ይጮሃል» ትለዋለች።

የሆነውን በራሱ ቃል እንዲናገር የግድ ነበር። ጋሼ ያንን ቀን ለእማዬ እንኳ ተናግሮ አያውቅም፣ እኛም አንጠይቀውም። እሷ በሩን ገርበብ አደረገች። ኮምፒውተሩን ትታ በእስክሪብቶ ጻፈች። ዝም ሲል ዝም አለች። «እሺ፣ ከዚያስ?» ብላ አልገፋችውም። ሻይ አስመጥታ ነበር፣ የሁላችንም ቀዘቀዘ። ሲጨርስ እንደዚያ እንደ መንዙ አባት ሁሉንም አነበበችለት። «ያሉት እንዲህ ነው ጋሼ? የቀረ ነገር አለ?»

«አለ» አለ። አጠገቡ ተቀምጦ የሞተውን የጓደኛውን ስም ነገራት። እሷም ጻፈችው።

ምስክር የሆነው ሌላው ጓደኛው ቴክሳስ ነው ያለው። የእሱ የምሳ ሰዓት እኛ ጋ ምሽት ነው። ሱቋን ሳትዘጋ አመሸች። ባሏ ሊወስዳት መጥቶ ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። አንድም ቀን ፊቱ ሲቀየር አላየሁም። እሱንም እግዚአብሔር ይስጠው።

መልሱ ለመምጣት ረጅም ጊዜ ወሰደ። መጣ ግን! መዝገቡ እንዲታረም ተወሰነ። የዲዲ 214 ማረሚያ ወረቀቱም ተላከ። ደብዳቤው የደረሰው ቨርጂኒያ ላለችው የአክስታችን ልጅ ነበር። እየጮኸች ነው የደወለችልን። ሜዳልያው በሰው እጅ መጣ። ሪባኑ ሐምራዊ ነው፣ ዳርና ዳሩ ነጭ። ልቡ መሀል ላይ የዋሽንግተን ምስል አለበት። እማዬ አገላብጣ አይታ «ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለች፤ መልሱንም ሳትጠብቅ እልልታዋን አቀለጠችው።

ለእህታችን ድፎ ዳቦ ጋግረን ሄድን። ዳቦውን በደስታ ተቀበለች። ገንዘቡን ግን ከገጽ ዋጋ በላይ አልነካም አለች። ብንለምናት፣ ብንቆጣት፣ ወይ ፍንክች።

ይሄን የሰሙ አንድ ጎረቤታችን አሉ። በ1970 ካራማራ ላይ ቆስለው እስከ ዛሬ የሚያነክሱ ናቸው። እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ መጥተው ሲወጡ «የእኔንስ ታየው ይሆን?» አሉኝ። ይዣቸው ሄድኩ። አሁን የእሳቸውን ታሪክ እየጻፈች ነው። ምን ላይ እንደሚደርስ ጊዜው ሲደርስ እናያለን። እሳቸው ግን «ሰው ቁጭ ብሎ ሰማኝ» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሉ።

ወገኖቼ፣ የጡረታ ፋይል ይሁን፣ የስም ስህተት ይሁን፣ ውጭ የሚላክ ሰነድ ይሁን፣ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። ከደብረ ሲና፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ ለምትመጡም መናኸሪያ ስትወርዱ ቅርብ ናት። አረንጓዴ በር ያለውን ጽሕፈት ቤት ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል። የማታውቀውን አላውቅም ትላለች፣ የማይሆነውን አይሆንም ትላለች። እሁድ ዝግ ነው። ረፋድ ላይ ተማሪ ስለሚበዛ ከሰዓት ብትሄዱ ይሻላል። ወረቀታችሁ ቢዘበራረቅ አትፈሩ፣ እሷ ታደራጀዋለች። ዋናውን ወረቀት ግን የትም ቢሮ ትታችሁ አትውጡ። እሷም ራሷ እዚያው ፊታችሁ ኮፒ አድርጋ በእጃችሁ ትመልስላችኋለች።