ከታራንቱላዬ ጋር አንድ ዓመት ከአራት ወር

መጀመሪያ የሠራሁትን ጥፋት ልናገር። ሳጥኑ በጣም ረጅም ነበር። የኔዋ ታራንቱላ ላሲዮዶራ ፓራሂባና የምትባል ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት ናት፤ የትውልድ አገሯ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ነው፤ ኑሮዋም መሬት ላይ ነው። እኔ ግን ያከበርኳት መስሎኝ ከፍ ያለ የመስታወት ሳጥን ገዛሁላት። በሦስተኛው ቀን ማታ ጥጉን ይዛ ወደ ላይ ስትወጣ ሳያት ልቤ ቆመ። ይህን የሚያህል ከባድ ሸረሪት ከከፍታ ከወደቀ ሆዱ ሊፈነዳ ይችላል። በማግስቱ ከታች የኮኮናት ብናኝ ሞላሁበት። አሁን ከብናኙ እስከ ክዳኑ ያለው ክፍተት እግሯን ስትዘረጋ ከሚኖራት ስፋት ብዙም አይበልጥም። ጥፍሯ እንዳይያዝ ብዬ የወንፊት ክዳኑንም ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ቀየርኩት።

ከዚያ በኋላ እንክብካቤው እጅግ ቀላል ነው። ውሃ በሰፊ ሳህን፣ በሳምንት አንዴ በረሮ ወይም ፌንጣ፣ ሳትበላ ከቀረች ማውጣት፣ በቃ። ማሞቂያ መብራት የለም፤ ለኔ የሚመቸኝ ክፍል ለሷም ይመቻታል። ስትበላ ግን ማየት ነው! ደቂቃዎች እንደ ድንጋይ ትቀመጥና በድንገት ትወረወራለች። በረሮውን መቼ እንደያዘችው ዓይኔ ደርሶበት አያውቅም።

የማልወደው ፀጉሯን ነው። ስትናደድ በኋላ እግሯ ሆዷን ፈግፍጋ ታበናለች። አንድ ቀን ውሃ ስቀይር እጄ ላይ አረፈብኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አሳከከኝ። ዓይን ውስጥ ከገባማ ቀልድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ረጅም ጉጠትና ጓንት እጠቀማለሁ። በእጄ ይዣት አላውቅም፤ የመያዝ አምሮትም የለኝም።

በሰባተኛው ወር ምግብ አቆመች። አምስት ሳምንት። አንድ ቀን ጠዋት ሳጥኑን ሳይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ሞተች ብዬ ክዳኑን ልከፍት እጄ ደርሶ ነበር። ደግነቱ እግሮቿ እንደተዘረጉ ናቸው፤ የሞተ ሸረሪት እግሩን ወደ ሆዱ አጣጥፎ ነው የሚገኘው። ቆዳ እየቀየረች ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እግሮቿን ከአሮጌው ቆዳ አንድ በአንድ ስታወጣ ልክ ጠባብ ካልሲ እንደሚያወልቅ ሰው ነው። አዲሶቹ ጥርሶቿ ነጭ ነበሩ፤ ከቀናት በኋላ ቀይ፣ ከዚያ ጥቁር ሆኑ። እስኪጠቁሩ ድረስ ምግብ አልሰጠኋትም፤ ገና ለስላሳ ሳለች በረሮው ራሱ ሊጎዳት ይችላል።

ሴት መሆኗንም ያረጋገጥኩት ከዚያ አሮጌ ቆዳ ነው። ደስ አለኝ፤ ወንዶቹ ለአቅመ አዳም ከደረሱ በኋላ ብዙ አይቆዩም፣ ሴቶቹ ግን ከ10 ዓመት በላይ ይኖራሉ።

ሰሞኑን ደግሞ ምግብ አቁማለች። ሆዷ ጠቁሯል፤ እንደገና ቆዳ ልትቀይር ነው መሰለኝ። ውሃዋን ሞላሁላት፤ ሌላውን ለሷ ትቻለሁ።